የፍሪሲዮን ዘይት ወዴት ይሄዳል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

አሮጌ መኪና ያለው የመንግሥት ሠራተኛ በማለዳ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመሄድ ሲጣደፍ የሚመለከተው የሰዓቱን መርፌ ነው እንጂ መኪናው ያደረችበትን መሬት አይደለም። ዝቅ ብሎ መሬቱን የሚያይ ሰው ግን ብዙ ነገር ሊያነብ ይችላል። ከሞተሩ ሥር ጥቁርና ወፍራም ነጠብጣብ ቢያገኝ የሞተር ዘይት መሆኑን ይረዳል፤ ከፊት በኩል ውሃ ቢያገኝ ራዲያተሩን ይጠረጥራል። ከነጂው እግር ሥር ወይም ከካምቢዮው ጎን እንደ ቀጭን ሻይ ያለ፥ ሲዳስሱት የሚያሟልጭ እርጥበት ቢያገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችላ ብሎት ያልፋል። ኮፋኖውን ከፍቶ የጎደለውን ዘይት ይሞላል፤ የፍሪሲዮኑ ፔዳልም ለሦስት ቀን ያህል ደኅና ይሆናል፤ በአራተኛው ቀን እንደገና ይሞላል። እኔም ይህንኑ ልማድ አንድ ዓመት ሙሉ ይዤ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ በአንባቢዬ ላይ ለመፍረድ መብት የለኝም። ነገር ግን ልማዱ ምን እንዳስከፈለኝ ባወራ፥ ሌላው ሰው ከእኔ ባነሰ ዋጋ ሊማር ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር በልባችን ማኖር ይገባናል። የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ሊያልቅ ይችላል። የፍሬን ዘይትም ሸራው እያለቀ ሲሄድ ምንም ሳይፈስ በመያዣው ውስጥ ዝቅ ማለቱ የታወቀ ነው። የፍሪሲዮን ዘይት ግን እንዲህ አይደለም። በአብዛኞቹ መኪናዎች የፍሪሲዮኑ ሸራ ባለቀ ቁጥር የታችኛው ፒስቶን ወደ ኋላ እየተገፋ ስለሚገባ፥ በመያዣው ያለው ዘይት ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። እንግዲህ የፍሪሲዮን ዘይት ጎደለ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው፤ ፈሰሰ ማለት ደግሞ መውጫ ቀዳዳ አበጀ ማለት ነው። መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ መፍትሔው መውጫውን ፈልጎ መድፈን ነው።

የነገሩን አሠራር ያላወቀ ሰው መውጫውን ለማግኘት ይቸገራልና አስቀድመን ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ባጭሩ እንመልከት። ሞተር መኪናዋ ቆማም ቢሆን ይዞራል። ጎማዎቹ ግን እንድንቆም ስንፈልግ መቆም፥ እንድንሄድ ስንፈልግ መዞር አለባቸው። ስለዚህ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል እንደ ሽማግሌ ገብቶ፥ ሲያስፈልግ የሚያገናኛቸው ሲያስፈልግም የሚያለያያቸው መሣሪያ ተበጅቷል። ይህም ፍሪሲዮን ይባላል፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መተሻሸት ማለት ነው። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖና በብርቱ ሞላ በተደገፈ የብረት ሳህን መካከል ሸራ የለበሰ ክብ ዲስክ ተጣብቆ ይኖራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሞላው ይሸሻል፥ ዲስኩም ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ማርሽ መለወጥ ይቻላል።

የእግራችን ጉልበት እስከዚያ ሞላ ድረስ እንዴት ይደርሳል? በጥንቶቹ መኪናዎች የሚያደርሰው የብረት ዘንግ ወይም የሽቦ ገመድ ነበር። ለምሳሌ ያህል በከተማችን ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቃት አሮጌዋ ቮልስዋገን ፍሪሲዮኗ በገመድ የሚሳብ ስለሆነ የዛሬው ንግግራችን እርሷን አይመለከትም። ላንድሮቨርም በመጀመሪያው ሞዴሉ በብረት ዘንግ የሚሠራ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ሁለተኛው ሞዴል ሲወጣ ግን ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሆነ። ሌሎችም ብዙ መኪናዎች በዚሁ ዘዴ ተሠርተዋል።

የዘዴው መሠረት ከ1623 እስከ 1662 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የኖረው ብሌዝ ፓስካል የተባለ ሊቅ ያስተማረው ሕግ ነው። ይኸውም፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ግፊት ቢደረግ ግፊቱ ሳይቀንስ በየአቅጣጫው እኩል ይደርሳል የሚል ነው። በ1795 ዓ.ም. ጆሴፍ ብራማ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን ሕግ ይዞ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መጭመቂያ አወጣና የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል በአራቱም ጎማ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ይዞ ለገበያ ቀረበ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእግራችን ሥር ያለው ነገር የዚህ ረዥም ታሪክ ልጅ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ መኪናችን እንመለስ። በኮፋኖው ሥር አንድ ትንሽ የዘይት መያዣ አለ። ከመያዣው ቀጥሎ በጋራዥ ቋንቋ የላይኛው ፖምፓ የሚባለው አለ፤ ፔዳሉ የሚገፋው የዚህን ፒስቶን ነው። ከላይኛው ፖምፓ ቀጭን የብረት ቱቦና አንድ የጎማ ቱቦ ተነሥተው እስከ ታችኛው ፖምፓ ይደርሳሉ። የታችኛው ፖምፓ ፒስቶን ደግሞ ሹካ የሚመስለውን ብረት ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን፥ ኩሽኔታው ሞላውን ይገፋል። ዘይቱ እንዳያመልጥ በየፒስቶኑ ላይ ከንፈር ያላቸው ትንንሽ ላስቲኮች ተሰክተዋል፤ እነርሱም ጎሚኒ ይባላሉ።

ለማስረዳት ያህል ቍጥር እንስጥ። የላይኛው ፒስቶን ስፋት 3 ካሬ ሳንቲ ሜትር፥ የታችኛው 5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በላይኛው ላይ የ30 ኪሎ ጉልበት ቢያርፍ በታችኛው በኩል 50 ኪሎ ሆኖ ይወጣል። ይህ ትርፍ ግን በነፃ የተገኘ አይደለም፤ የላይኛው 25 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ የታችኛው 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጓዛል። በዚህም ጊዜ በቱቦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ዘይት ሰባት ተኩል ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይህም ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እንግዲህ መያዣው ባዶ ሆኖ ሁለት ሚሊ ሊትር የምታህል አየር ወደ ቱቦው ብትገባ፥ አየር እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት የሚጨመቅ ስለሆነ፥ ከ15 ሚሊ ሜትሩ ጉዞ ሦስት ተኩል ያህሉ በከንቱ ይቀራል። ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይላቀቅም፤ ማርሹ ሲገባ ይጮኻል፤ ትንሽ ቆይቶም ፈጽሞ አልገባም ይላል። ጥቂት ጠብታ ይህን ያህል የምታስቸግረው ስለዚህ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር እናቴን ይዤ ለአባቴ ተዝካር ወደ ደጀን እጓዝ ነበር። መኪናዬ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ ሲሆን፥ የፍሪሲዮኗን ዘይት በየሳምንቱ እየሞላሁ አንድ ዓመት አክርሜያታለሁ። በዚያን ዕለት ግን የተዝካሩ ጣጣ ልቤን ይዞት ሳልሞላ ተነሣሁ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን ሸለቆ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ከድልድዩ ማዶ አቀበቱ ሲጀምር አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ስለያዘው ለመቆም ፔዳሉን ብረግጥ እንደ ባዶ ስልቻ እስከ ወለሉ ወረደ። መኪናዋም ተንገጫግጫ ጠፋች። ከኋላችን መኪናዎች ተደረደሩ፤ ጥሩምባው ቀለጠ፤ የቆላው ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ብላ ትጸልይ ጀመር።

ኮፋኖውን ብከፍት መያዣው ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። በመኪናዋ ውስጥ የፍሬን ዘይት አልነበረም፤ አንድ ጠርሙስ የሞተር ዘይት ግን ነበረ። «ዘይት ዘይት ነው» ብዬ ያንኑ ሞላሁ። ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ስረግጠው እስከ እኩሌታው ድረስ ጠነከረልኝ፤ በዚያም እየተጎተትን ደጀን ገባን። እናቴ «ዓባይን ያሻገረን አምላክ ይመስገን» ብላ መሬት ስትስም፥ እኔ ግን በልቤ በገዛ ብልሃቴ ተመካሁ።

መመካቴ ግን አሥር ቀን አልቆየም። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ፔዳሉ እየጠጠረ ሄደ፤ አንድ ቀንም ተረግጦ ሳይመለስ ቀረ። መጀመሪያ የወሰድሁበት ጋራዥ መኪናዋን ከሥር ሳያይ «ካምቢዮው ይውረድ፥ ሸራው ይለወጥ» አለኝና የሁለት ወር ደመወዜን የሚያህል ዋጋ ጠራ። ገንዘቡ ስላልነበረኝ ብቻ ወደ ሌላ ሰው ሄድሁ። እኒህ ሰው በሥራው ያረጁ መካኒክ ነበሩ። ከመኪናዋ ሥር በጀርባቸው ተንሸራትተው ገቡና የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ መከላከያ ላስቲክ በጣታቸው ገለጥ ቢያደርጉት ጥቁር ዘይት ክንዳቸው ላይ ፈሰሰ።

«ልጄ፥ ይህን ዘይት ማን ሞላው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፥ ጋሼ። መንገድ ላይ ቸግሮኝ ነው» አልኋቸው።

«ዘይት እግር ባይኖረውም ዱካ አለው። አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈስ ዱካውን ሳትከተል ቆየህ፤ በመጨረሻም መርዝ አጠጣኸው» አሉኝ።

ከዚያም ፒስቶኑን አውጥተው አሳዩኝ። ጎሚኒው በሞተር ዘይት ተበላሽቶ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ አብጦ ከቦታው አልወጣም ብሎ ነበር። በፍሬንና በፍሪሲዮን ፖምፓ ውስጥ ያለው ላስቲክ የፍሬን ዘይትን እንዲችል የተሠራ ነው፤ ከነዳጅ ዘር የሆነ ማናቸውም ዘይት ሲነካው ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ በአንዲት ጎሚኒ ለውጥ ሊያልቅ የነበረው ሥራ፥ የላይኛውን ፖምፓ፥ የታችኛውን ፖምፓና የጎማውን ቱቦ ሁሉ ለመለወጥ አደረሰኝ። ሸራው ግን ምንም ያልሆነ ደኅና ሸራ ነበር። ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ መኪናዎች የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ዘይት የሚቀዳው ከአንድ መያዣ ነው። የእኔዋ መኪና መያዣዋ ለየብቻ ባይሆን ኖሮ ያን የሞተር ዘይት የሞላሁት በፍሬኑም ውስጥ ነበር፤ እናቴን አሳፍሬ የዓባይን ቍልቍለት የምመለሰው በዚያ ፍሬን ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ነገር የተነገረ ይመስለኛል።

እንግዲህ አንባቢዬ ዱካውን እንዴት እንደሚከተሉ ልንገርዎ። በመጀመሪያ የፈሰሰው የትኛው ዘይት እንደሆነ ይለዩ። በመስታወት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ አድርገው ከፈሰሰው አንድ ሁለት ጠብታ ይጨምሩበት። የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት ከሆነ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት ከሆነ ግን ከውሃው ጋር ይዋሐዳል። ይህ ዘይት መርዝነት ስላለው በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ የሞከሩበትም ብርጭቆ ዳግመኛ መጠጫ አይሁን።

ከዚህ በኋላ ሁሉንም ነገር በጨርቅ ጠርገው አድርቀው፥ አንድ ሰው ፔዳሉን ደጋግሞ እንዲረግጥ አድርገው፥ በባትሪ መብራት እነዚህን ቦታዎች በተራ ይመልከቱ።

አንደኛ፥ የዘይቱን መያዣና ክዳኑን። ዙሪያው እርጥብ ከሆነ ወይም ከሥሩ ያለው ቀለም ተልጦ ብረቱ ከታየ ዘይቱ የሚወጣው ከዚያ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም የሚልጥ ስለሆነ የተላጠ ቀለም ታማኝ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፥ የላይኛውን ፖምፓ ጀርባ። ይህ የሚታየው ከኮፋኖው ሥር ሳይሆን ከመኪናው ውስጥ፥ ፔዳሉ ከተንጠለጠለበት ከፍ ብሎ ነው። የመኪናው ምንጣፍ ወይም የግራ ጫማዎ ጫፍ ያለ ዝናብ ከራሰ የላይኛው ፖምፓ የኋላ ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ቱቦዎቹንና መጋጠሚያቸውን። የጎማውን ቱቦ ጥቂት አጠፍ አድርገው ይዩት፤ የተሰነጣጠቀ ወይም ያበጠ ቢሆን ባይፈስ እንኳ ይለወጥ።

አራተኛ፥ የታችኛውን ፖምፓ። የአቧራ መከላከያውን ላስቲክ ጫፍ ገለጥ ያድርጉ። ውስጡ ደረቅ ወይም ጥቂት አቧራ ብቻ ያለበት መሆን አለበት፤ ዘይት ከፈሰሰ ፍርዱ ተፈጸመ።

አምስተኛ፥ የትም እርጥበት ሳይገኝ፥ ዘይቱም ሳይጎድል፥ ተረግጦ የተያዘ ፔዳል ቀስ በቀስ እየሰጠመ ከሄደ፥ የላይኛው ፖምፓ የውስጥ ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈው ነው። ይህ ወደ ውጭ የማይታይ ሕመም ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ያለ ጥፋቱ ሸራው ይከሰስበታል።

በአንዳንድ መኪናዎች የታችኛው ፖምፓ በካምቢዮው ደወል ውስጥ በዘንጉ ዙሪያ የተቀመጠ ነው። በእነርሱ ላይ ዘይቱ ከደወሉ ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ በእውነት ካምቢዮው መውረድ አለበትና መካኒኩን በሐሰት አይጠርጥሩት።

መውጫው ከታወቀ በኋላ ጥገናው ትዕግሥትና ንጽሕና ላለው ሰው ከባድ አይደለም። በብዛት የሚያጋጥመውን የታችኛውን ፖምፓ እንውሰድ። መኪናዋን በደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ በካቫሌቶ ላይ ያሳርፏት፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ከዚያ የቱቦውን መጋጠሚያ በልኩ በሆነ ቍልፍ ፈትተው ዘይቱን በዕቃ ይቀበሉ፤ ፖምፓውን የያዙትንም ብሎኖች ፈትተው ያውርዱ። ፖምፓው ከቦታው በወረደ ጊዜ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ ይከልክሉ። የአቧራ መከላከያውን አውልቀው፥ ፒስቶኑንና ከኋላው ያለውን ሞላ ሲያወጡ የትኛው በየትኛው አቅጣጫ እንደነበረ በወረቀት ላይ ይሳሉ።

ዕቃውን የሚያጥቡት በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው። በቤንዚን፥ በናፍጣ ወይም በላምባ ማጠብ እኔ የሠራሁትን ስሕተት በሌላ በር መድገም ነው። ሲነጻ የፖምፓውን ውስጠኛ ግድግዳ ወደ ብርሃን ይዘው ይመርምሩት፤ ጥፍርዎንም ቀስ አድርገው ያስኪዱበት። ግድግዳው እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ጥፍርዎን የሚይዝ ጭረት ወይም በዝገት የተበላ ጕድጓድ ካገኙ ግን ፖምፓው ሙሉውን መለወጥ አለበት፤ በሻከረ ግድግዳ ላይ የተደረገ አዲስ ጎሚኒ ብዙ ሳይቆይ ያልቃል፥ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እመልሰዋለሁ ማለትም ቀዳዳውን ማስፋት እንጂ ማዳን አይደለም።

አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ካራሱት በኋላ ከንፈሩ የሰፋበትን ወገን ወደ ዘይቱ አዙረው ይስኩት። ይህ ነገር ትንሽ ቢመስልም የሥራው ሁሉ ቍልፍ ነው፤ ዘይቱ ሲገፋ ከንፈሩን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው በዚህ አቅጣጫ ሲሆን ብቻ ነውና። በተቃራኒው የተሰካ ጎሚኒ አዲስ ቢሆንም ያፈሳል። የላይኛውም ፖምፓ ጥገና ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ሲመለስ በፔዳሉ ዘንግና በፒስቶኑ መካከል ጥቂት ክፍተት መተው እንዳለበት ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ፒስቶኑ እስከ መጨረሻው አይመለስም፤ ዘይቱም ወደ መያዣው የሚመለስበት ቀዳዳ ተዘግቶ ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ እንደ ተረገጠ ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ በቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መያዣውን በአዲስ ዘይት ይሙሉ። በታችኛው ፖምፓ ላይ ባለችው የአየር ማስወጫ ብሎን ጫፍ ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያግቡት። አንዱ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ እስከ ታች ይረግጥና ይያዝ፤ ሌላው ብሎኑን ይክፈት፤ ዘይትና የአየር አረፋ ይወጣል። ብሎኑ ሳይዘጋ ፔዳሉ አይለቀቅ፤ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ረጋጩ «ረግጫለሁ» እያለ፥ ፈቺው «ዘግቻለሁ» እያለ ቢነጋገሩ ስሕተት አይደርስም። አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ይህን ይደጋግሙት፤ በመካከሉም መያዣው ባዶ እንዳይሆን ይጠብቁ። የወጣውን ዘይት መልሰው አይጠቀሙበት፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ በተከደነ ዕቃ ያኑሩት እንጂ በደጅ ወይም በቦይ አይድፉት።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ለሁለት ደቂቃ ያህል ረግጠው ይያዙ። ካልሰጠመ፥ የኋላ ማርሽም ያለ ጩኸት ከገባ ደኅና ነው። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ መያዣውንና የጠገኑትን ቦታ እንደገና ይዩ፤ ደረቅ ሆኖ ካደረ ተፈውሷል።

ስለ ዘይቱ አንድ ሁለት ቃል ልጨምር። መኪናዎ ምን ዓይነት ዘይት እንደሚቀበል ብዙውን ጊዜ በመያዣው ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት ከአንድ ዘር ናቸው። ደረጃቸው እንደሚያዝዘው ዶት 3 አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ፥ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለባቸውም። ሁለቱም ግን ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አላቸው፤ የጠጡት ውሃ ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል። በመሆኑም ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ፥ ግማሽ ቢኖርበትም፥ ለዚህ ሥራ አይሁን፤ በመኪናው ውስጥ ያለውም በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ መልካም ነው። ዶት 5 የሚባለው ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ዘር ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። በሲትሮኤን መኪናዎች የሚታወቀው አረንጓዴ ዘይት ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ በተለመደው የፍሬን ዘይት ወደሚሠራ መኪና ቢገባ የሞተር ዘይት የሚያደርሰውን ጥፋት ያደርሳል።

ምናልባት አንባቢዬ «እኔ የጽሕፈት ሥራ እንጂ የቍልፍ ሥራ አላውቅም» ይሉኝ ይሆናል። ነገሩን በገዛ እጅዎ ባይሠሩት ምንም አይደለም። ሥራውን ለባለሙያ ሲሰጡ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዘይቱ የሚፈሰው ከየት እንደሆነ በዓይኔ አሳዩኝ ይበሉ፤ የፖምፓው ውስጥ ለስላሳ መሆኑንና አለመሆኑን ሲፈታ ልየው ይበሉ፤ የሚሞላው ዘይት ከታሸገ ጠርሙስ ይሁንልኝ ይበሉ። የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ይቀበሉ። ደኅና ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚያውቅለት ሰው በማግኘቱ ይደሰታል። የሚቆጣ ቢገኝ ግን ቍጣው ራሱ መልስ ነው።

በመንገድ ላይ ሳሉ ፔዳሉ ቢወርድብዎ ደግሞ የእኔን ብልሃት አይከተሉ። መኪናዋን ከመንገድ ዳር አውጥተው የዘይቱን መያዣ ይዩ። መያዣው ለፍሬኑም የሚያገለግል ከሆነ ከዚያ ቦታ በገዛ ጕልበቷ እንዳትነቃነቅ፤ በሌላ መኪና ተጭና ትሂድ። ለየብቻ ከሆነም ትክክለኛውን ዘይት እስኪያገኙ ይጠብቁ። አንድ የታሸገ ትንሽ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት በመኪናዎ ዕቃ መጫኛ ቢያኖሩ ቦታ አይዝም፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ እርሱ ከከተማ ወጥቼ አላውቅም።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መኪና በሽታዋን አትደብቅም፤ በየሌሊቱ በመሬት ላይ ጽፋ ታሳድራለች። የሚደብቀው በየሳምንቱ እየሞላ የሚያልፍ ባለቤቷ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት አንድ አፍታ ዝቅ ብለው መኪናዎ ያደረችበትን መሬት ይመልከቱ። ደረቅ ከሆነ እግዚአብሔርን አመስግነው ይሂዱ፤ እርጥብ ከሆነ ዱካውን ይከተሉ።